የማታው ትምህርት የቀኑ ቅጂ ሆኖ መቀጠል የለበትም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር ጋዜጣችሁን ጨምሮ መገናኛ ብዙኃኑ ሁሉ ያለፉትን ተማሪዎች በመቶኛ አስልተው ያወጣሉ። ቁጥሩ በእርግጥም የሚያስደነግጥ ነው። ከተፈታኞቹ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ግን ቀን ሥራ ውሎ ማታ ስለሚማረው ጎልማሳ እምብዛም አይነሳም፤ ቢነሳም አማካዩን ዝቅ አደረገ ለመባል ያህል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በማታው መርሐ ግብር ለዓመታት ያስተማርኩ መምህር እንደመሆኔ በጉዳዩ ላይ የምለው አለኝ። ወደ ማታው ትምህርት የሚመጣው ሰው የሚያንሰው፣ ከመጣውም ብዙው 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ የሚቀረው፣ ጎልማሳው የትምህርት ፍላጎት ስለሌለው አይደለም። ሥራም ልጅም ለሌለው የቀን ተማሪ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት፣ ሰዓቱ ብቻ ተቀይሮ ስለተሰጠው ነው።

ከምዝገባው ልጀምር። 9ኛ ክፍል ለመግባት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትና ከቀድሞ ትምህርት ቤት የተጻፈ መልቀቂያ ያስፈልጋል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። ትምህርቷን ካቋረጠች ስምንት ወይም አሥር ዓመት ለሆናት፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር መጥታ በሰው ቤት ለተቀጠረች ሴት ግን መልቀቂያው ማለት ከአሠሪዋ የሚለመን ፈቃድ፣ የአውቶቡስ ትኬትና የወር ደመወዝ ማለት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተዘረፉትና ከወደሙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የተማረች ከሆነች ደግሞ፣ ብትሄድም የምታገኘው ማኅደር ላይኖር ይችላል። ማስረጃዋን እዚሁ ከተማ የምታገኝ ብትሆን እንኳ የትምህርት ቤቶቻችን መዝገብ ቤት የሚዘጋው እሷ ከሥራ ከመውጣቷ በፊት ነው። ስለዚህ ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለ ጎልማሳ በምደባ ፈተና ደረጃው ታውቆ በጊዜያዊነት የሚመዘገብበት አሠራር ቢኖር፣ መዝገብ ቤቱም ቢያንስ በምዝገባው ሰሞን በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢሠራ፣ ትምህርት ቤቱን ከደጅ አይተው የሚመለሱት ቁጥራቸው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ክፍያውም ሌላው እንቅፋት ነው፤ በማውቃቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የቀን ተማሪ በነጻ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ የማታው ተማሪ ከፍሎ ይቀመጣል።

የተመዘገበውስ? የምናስተምራቸው በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ በሱቅና በምግብ ቤት ተቀጥረው የሚውሉ፣ የግንባታ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ትምህርቱ ከምሽቱ 11፡30 ይጀምራል ይባላል እንጂ ክፍሉ የሚሞላው 12 ሰዓት አልፎ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የያዘ መምህር፣ ሒሳብም ሆነ እንግሊዝኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ለግማሽ ክፍል ያስተምራል። አንድ ሌሊት ሠርቶ አንድ ሌሊት የሚያርፍ የጥበቃ ሠራተኛ ምንም ያህል ቢተጋ ከሳምንቱ ትምህርት ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን ያለ ፈቃድ እንደቀረ ተቆጥሮ ውሎ አድሮ ይሰረዛል። ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ ደግሞ የሴቶቹ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ የበዓሉ ሽንኩርት የሚላጠው፣ ዶሮው የሚገነጠለው፣ የቤቱ ጽዳት የሚያልቀው በእነሱ እጅ ስለሆነ ነው። የትምህርት ዘመኑን መርሐ ግብር የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን አያውቁም ለማለት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ቤት የሚተዳደረው በእነዚሁ ተማሪዎች ጉልበት ነው። ሆኖም የአጋማሽ ፈተና ልክ በበዓል ዋዜማ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሥነ ሕይወት ትምህርት ላስተምር ስል የቤተ ሙከራው ቁልፍ የቀኑ ባለሙያ ጋር ስለሚያድር፣ ማይክሮስኮፕን በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ያሳየሁባቸው ምሽቶችም ብዙ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ መጽሐፉን በቴሌግራም በሚዘዋወር ፒዲኤፍ ከስልክ ላይ የሚያነቡ አሉ፤ ስልካቸው እንዲያ የማያሠራ ደግሞ ከጓደኛቸው ደብተር ይገለብጣሉ።

የአሠሪዎች ነገር ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚማር ሠራተኛ ስለሚሰጥ ፈቃድ ዝርዝሩን ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል፤ ማኅበር የሌለው ድርጅት ሠራተኛ እንግዲህ ከአለቃው በጎ ፈቃድ ሌላ መያዣ የለውም። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው። «ማታ ማታ ትማሪያለሽ» ተብሎ በደላላ ፊት የተገባው ቃል እንግዳ በመጣና ልጅ በታመመ ቁጥር ይፈርሳል፤ ያቺ ልጅ ስሞታዋን የምታቀርብበት ቦታም የላትም። ቢያንስ ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኙ ኤጀንሲዎች በሚያስፈርሙት ውል ላይ የትምህርቱ ሰዓት እንዲጻፍ ማድረግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ስለነበረ፣ የማታ ተማሪ በሁለት ዓመት ትግል አንድ ሀገር አቀፍ ማስረጃ በእጁ ይገባ ነበር፤ በዚያም ሥራ ተወዳድሮበታል፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶበታል። ፈተናው እንዲቀር የተደረገበት ምክንያት ለቀኑ ተማሪ አሳማኝ ሊሆን ይችላል። ለጎልማሳው ግን ውጤቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አራት ዓመት ሙሉ ባዶ እጁን እንዲጓዝ መገደዱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሰው ይወልዳል፣ የኪራይ ቤት ይቀይራል፣ ዓረብ ሀገር ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት ያቋረጠች ተማሪ በስድስት ወር ካቋረጠችው የምትለይበት ወረቀት የላትም፤ ስትመለስም ያላለቀውን ክፍል ከነሙሉ ትምህርቱ እንደገና ትጀምራለች።

መፍትሔው ለጎልማሶች እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ለብቻው ተፈትኖ፣ ያለፈው ውጤት ለዓመታት ተይዞ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ያለፉበት፣ ሁለተኛ ደረጃን ላልጨረሱ ሰዎች አቻ ማስረጃ የሚያስገኘው ጂኢዲ የተባለው ፈተና እንዲህ ነው፤ አራት የትምህርት ዓይነቶች አሉት፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ከወራት በኋላ መፈተን ይቻላል፣ በአንዱ የወደቀ የሚደግመው ያንኑ ብቻ ነው። ይህ ደረጃን ማውረድ አይደለም። የጥያቄው ክብደት እንዳለ ሆኖ የሚቀየረው ፈተናው የሚከፋፈልበት ስልት ነው። ከዚህ ጋር የፈተናው ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው እንዲፈተኑ መደረጉ ኩረጃን ለመግታት ነውና እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ጡት የሚጠባ ልጅ ላላት ወይም ከሥራ በቀረ ቁጥር ለሚቆረጥበት ሰው ቀናት ግቢ ውስጥ መቆየት ፈተናውን ከመተው አይለይም። በኮምፒውተር መፈተን ከተጀመረ ወዲህ፣ ቁጥጥሩ ሳይላላ ጎልማሶች በሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ተፈትነው ማታ ቤታቸው የሚገቡበት መንገድ ሊጠና ይችላል።

የጎልማሶች ትምህርት ሲባል በእኛ ሀገር ፊደል ማስቆጠር ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ሥራ ነበር፤ አሁን ያለው የተቀናጀ ተግባር ተኮር ትምህርትም ማንበብና መጻፍ ላልቻለው ይጠቅማል። 8ኛ ክፍል ላይ ለቆመው ጎልማሳ ግን ከማታው ትምህርት ሌላ የሚሄድበት ብዙ ቦታ የለም፤ ይህ ትምህርት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ በደከመ መምህር የትርፍ ሰዓት ሥራ ላይ ነው የቆመው።

በመጨረሻ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ዘጋቢዎቻችሁ የከተማውን ትምህርት ቢሮም ሆነ ሚኒስቴሩን ስላለፉት ብቻ ሳይሆን ከአራት ዓመት በፊት በማታው 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቶቹ ለፈተና እንደቀረቡ፣ ወንዱንና ሴቱን ለይተው እንዲጠይቁልን እፈልጋለሁ። ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያና ሮስተር ላይ አለ፤ የሚደምረው ሰው ነው የጠፋው።

ከአክብሮት ጋር
የማታ ትምህርት መምህር፣ ከአዲስ አበባ