ቢንቢ ለማጥፋት ብለን ወፎቹን አናስርባቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ በጠዋቱ በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ ያቺን ወፎች የሚንቦጫረቁባትን ሳህን አንሺልኝ፣ ቢንቢ የምታራቢብን አንቺ ነሽ፣ ለማንኛውም ነገ መድሃኒት የሚረጭ ሰው ጠርቻለሁ፣ ግቢውን በሙሉ ላስረጨው ነው" አሉኝ። ደነገጥኩ። ሳህኗን ስለምወዳት ብቻ አይደለም፣ የርጭቱ ነገር ነው ያስደነገጠኝ፣ ምክንያቱም ከጥቂት አመት በፊት እኔም አስረጭቼ አይቼዋለሁ። በማግስቱ አበቦቹ ስር ንቦች በጀርባቸው ተዘርረው እግራቸውን ሲያወራጩ አገኘሁ፣ አጥሩ ስር ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጫጩት የሚያሳድጉት ወፎች ደሞ ቀኑን ሙሉ ከቅጠል ቅጠል ሲዘሉ ውለው ባዶ አፋቸውን ሲመለሱ አየሁ። ቢንቢዎቹ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ።

እና "እማማ፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰአት ብቻ ስጡኝ፣ አብረን እንፈልግ" አልኳቸው። መጀመሪያ የወፎቹን ሳህን አየን፣ ንፁህ ነው፣ በየሁለት ቀኑ እደፋዋለሁ። ከዛ የአበባ ተክሎቹ ስር የተቀመጡትን የፕላስቲክ ሰሃኖች ማንሳት ጀመርን፣ ሶስተኛው ላይ እማማ "ይሄ ምንድነው የሚንቀሳቀሰው?" አሉ። ጎንበስ ብለን አየን፣ እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ትሎች ጭራቸውን ወደ ላይ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ከውሃው ገፅ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ጥላችን ሲያርፍባቸው ሁሉም እየተጠማዘዙ ወደ ታች ሰመጡ፣ ትንሽ ቆይተው አየር ፍለጋ መልሰው ወጡ። ገና ክንፍ ያላወጡ የቢንቢ ልጆች ናቸው፣ በማንኪያ ጨልፌ ስቆጥር 17 ሆኑ፣ በአንድ ማንኪያ ውሃ ብቻ! እሳቸው ጋ ደሞ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ውስጥና አንድ የተረሳ ባልዲ ውስጥ ከዚህም የባሰ አገኘን።

እኔ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው፣ ቢንቢ የምትሸነፈው አየር ላይ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ነው። ሙቀት ካለ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል፣ እስከዛ ድረስ ግን የትም አትሄድም፣ እዛው ውሃ ውስጥ ናት፣ መድፋት ነው በቃ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ግቢውን ዞሮ የቆመ ውሃ የሚደፋ ሰው ትውልዱን እየቆረጠው ነው፣ ፍሊት የሚነፋ ሰው ግን የዛሬዎቹን ገድሎ የነገዎቹን ውሃ ውስጥ ትቷቸው ነው የሚሄደው። ደሞ ሰዎች ከሩቅ የመጣች ይመስላቸዋል፣ ቀን ቀን የምትነክሰዋ ኤደስ የምትባለው አይነት አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ አትርቅም፣ ማለትም የነከሰችሽ እዛው አንቺ ጋ ወይ ጎረቤትሽ ጋ ያደገች ናት።

የወፎች ሳህን ያላችሁ ሰዎች፣ አታንሱት፣ ግን በየሁለት በየሶስት ቀኑ ድፉት፣ ስትደፉም በብሩሽ ጠርዙን ፈግፍጉት፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ኤደስ እንቁላሏን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጋ የእቃው ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፈው፣ እንቁላሉም ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውሃ የሚያንጠባጥብ ነገር ከላይ ብታንጠለጥሉ ደሞ የበለጠ ነው፣ ቢንቢ የሚረበሽ ውሃ ላይ እንቁላል መጣል አትወድም፣ ወፎቹ ግን የጠብታውን ድምፅ ሰምተው ይመጣሉ። እኔ ጋ ጠዋት ጠዋት የምትመጣ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ከዛ ደረቷን ነክራ ክንፏን ስታርገፈግፍ ውሃው ፀሀይዋ ላይ ይበተናል፣ ያንን ሳላይ ቀኔ የጀመረ አይመስለኝም።

ማጠራቀሚያ በርሜል ያለው ሰው አፉን በደቃቅ ወንፊት ሽቦ ወጥሮ ይሸፍነው። መድፋት የማይቻል ኩሬ ምናምን ከሆነ ደሞ ቢቲአይ የሚባል ነገር አለ፣ ባክቴሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ የተገኘ ነው፣ ትሎቹ ሲበሉት አንጀታቸው ውስጥ ይገድላቸዋል፣ ከቢንቢ ሌላ የሚነካው የቅርብ ዘመዶቿን ትናንሽ ዝንቦች ነው እንጂ ለወፍ፣ ለአሳ፣ ለንብ ጉዳት የለውም። ማሸጊያው ላይ የተፃፈውን መጠን መከተል ነው። የተቃጠለ ዘይት ወይ ላምባ ውሃ ላይ አፍስሱ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ ትሎቹን ያፍናል እውነት ነው፣ ግን ሊታጠብ የመጣ ወፍ ላባው በዘይት ተጣብቆ መብረርም መሞቅም ያቅተዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልዋሽ ልናገር፣ ወፎች ቢንቢውን ጨርሰው ይበሉልናል ብዬ አይደለም የምከራከረው። አይጨርሱትም። የግቢ ወፎች ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡት በብዛት አባጨጓሬና ሸረሪት ነው፣ ርጭቱ ከቢንቢ ጋር አብሮ የሚጨርሰውም እሱን ነው፣ ወፏን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ ጫጩቶቿን ያስርባቸዋል። ያ ሰማያዊ መብራት ያለው በኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው ማሽንም እንደዛው ነው፣ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ማሽኖቹ የገደሏቸውን ነፍሳት ቆጥረው ከ13,789 ውስጥ ሰው የሚነክሱት 31 ብቻ ሆነው ተገኙ! ሌላው ሁሉ ምንም ያላደረገን ነው፣ ለወፍ ምግብ የሚሆንም ብዙ ነበረበት።

ደሞ ቢንቢ ለወፎቹም ጠላት መሆኗን የሚያስብ ሰው አላይም። ሃዋይ ውስጥ ቢንቢ አልነበረም፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በመርከብ ገባች፣ በኋላ የወፍ ወባ ስታሰራጭ የደሴቱ ወፎች ስላልለመዱት በብዛት አለቁ፣ ከምድር ላይ የጠፉ ዝርያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዌስት ናይል ቫይረስ ኒውዮርክ ሲገባም ቁራዎች በየመንገዱ ወድቀው ነው የታዩት። ስለዚህ ውሃ ስንደፋ ለነሱም ነው።

ምሽት ላይ ውጪ መቀመጥ ለሚወድ ቬንትሌተር እግሩ ስር ያድርግ፣ ቢንቢ ደካማ በራሪ ናት፣ ነፋሱን አትችለውም፣ እረጅም እጅጌ፣ የሚቀባ መከላከያ፣ ማታ ደሞ አጎበር። በሽታ ተነስቶ የጤና ባለሙያዎች እንርጭ ካሉ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በዛ አልከራከርም፣ የሰው ህይወት ነው። እኔ የምለው ለትንሽ ማሳከክ ሲል አበባ ላይ መርዝ ስለሚረጨው ነው።

እማማ ሰውየውን ደውለው አስቀሩት፣ አሸንዳውን አስጠረጉ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል "ደፋሽ ወይ?" ይሉኛል፣ ትናንት ደሞ ለራሳቸው አንድ ሳህን ውሃ ግንብ ላይ አድርገው አየሁ። እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ ዝናብ ሲቃረብ ጋዜጣችሁ ላይ ቢንቢ የምትራባባቸውን ቦታዎች ከነፎቶአቸው አውጡልን፣ ትሎቹ ምን እንደሚመስሉ ጭምር፣ አብዛኛው ሰው እኮ አይቷቸውም ምን እንደሆኑ አያውቅም።

አክባሪያችሁ፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዷ