ለዳኒ ባርከር ምሽት ለደከማችሁልን ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

ውድ ወገኖቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታችሁ አዳራሹን ለሞላችሁልን፣ መምጣት ሳይመቻችሁ ቀርቶ በሐሳብም በገንዘብም ላገዛችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥሪያችን ለጆሮ እንግዳ ነበር። የአንድ ኒው ኦርሊንሳዊ የጃዝ ጊታርና ባንጆ ተጫዋች ታሪክ እናወራለን፣ ሙዚቃውን እንሰማለን፣ ከዚያ ልጆቻችን ይጫወታሉ አልናችሁ። የዳኒ ባርከርን ስም ከዚያ በፊት ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙ ነበራችሁ። ግን መጣችሁ። ወንበር ሲያልቅ ግድግዳ ተደግፋችሁ እስከ መጨረሻው ቆያችሁ።

ልጆቹ መሣሪያቸውን ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ስለነበር የሰውየውን ታሪክ በጥድፊያ ነው የተናገርኩት። ሳልነግራችሁ የቀረ ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ ምስጋናዬን ከእሱ ልጀምር።

ዳኒ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1909 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የሙዚቃ ቤተሰብ ነው። አያቱ ኢሲዶር ባርባሪን በከተማዋ ስመ ጥር በነበረው በኦንዋርድ ብራስ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። አጎቱ ፖል ባርባሪን የታወቀ ከበሮ መቺ ነው። ዳኒ ክላሪኔትም ከበሮም ሞክሯል፤ ልቡ ያረፈው ግን ክር ላይ ነው። መጀመሪያ ዩኩሌሌ፣ ቀጥሎ ባንጆ ያዘ። ገና ልጅ ሳለ እኩዮቹን ሰብስቦ ቡዛን ኪንግስ የሚባል ባንድ አቋቋመ። መንገድ ላይ እየተጫወቱ ሳንቲም ይለቅሙ ነበር። ይህን የልጅነት ባንድ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትልቅ ነገር ይሆናል።

በዚያ ዘመን ያለ ባንጆ የጃዝ ባንድ አይታሰብም ነበር። ማጉያ የለም። ጊታር በትራምፔትና በትሮምቦን መሀል ይዋጣል። ባንጆ ግን ልክ እንደ ማሲንቆ ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ ደረቅና ጯኺ ድምፁ ከነፋሾቹ መሀል ሰንጥቆ ይወጣል። ባርከር ባለ ስድስት ክሩን ይጫወት ነበር፤ ቅኝቱ እንደ ጊታር ነው።

እኛ ይህን መሣሪያ በፎቶ ብቻ ልናሳያችሁ ነበር ያሰብነው። ጎረቤታችን የሆኑት የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ አዛውንት ነገሩን ሲሰሙ የራሳቸውን ባንጆ ይዘው መጡ። ይዘው መጥተውም አልሄዱም። በየእሑዱ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠው ምት አስቆጠሩ፣ ጣት አስተካከሉ፣ ሲያስፈልግም ተቆጡ። ልጆቹ “ጋሼ” ሲሏቸው አቤት የሚሉት ከሀበሻ አባት እኩል ነው። ይህን ደብዳቤ ልጄ እየተረጎመች ታነብላቸዋለች። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ውለታዎን እንዴት እንደምንከፍል አናውቅም።

ወደ ዳኒ ልመለስ። በ1930 ሉዊዝ ዱፖንን አገባና ኒው ዮርክ ገባ። ሉዊዝ በኋላ ብሉ ሉ ባርከር በሚል ስም የምትታወቅ የብሉዝ ዘፋኝ ሆነች፤ በ1938 ዴካ ለሚባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ስትቀዳ በጊታር የሚያጅባት እሱ ነበር። ሞት እስኪለያቸው ድረስ አብረው ኖሩ።

ኒው ዮርክ ሲደርስ ግን የባንጆ ቀን እየመሸ ነበር። ማይክሮፎኑ ተሻሻለ። ሙዚቃው ለሰለሰ። የባንድ መሪዎች ጊታር ፈለጉ። ብዙ የባንጆ ተጫዋቾች እንጀራቸውን አጡ። ባርከር ጊታር አነሣ። ከባንድ መሪዎቹ ከላኪ ሚሊንደርና ከቤኒ ካርተር ጋር ሠራ። ከ1939 እስከ 1946 ደግሞ ያኔ አገር ጉድ ባሰኘው በካብ ካሎዌይ ባንድ ውስጥ ነበር። ወጣቱ ትራምፔት ተጫዋች ዲዚ ጊለስፒ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሚልት ሂንተን፣ ሳክስፎኒስቱ ቹ ቤሪ የባንድ ጓደኞቹ ነበሩ።

እዚህ ጋ ነው ሰውየውን የወደድኩት። ሥራው ሪትም ጊታር ነው። አራት ምት፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ተመልካቹ ፊት ለፊት እየዘፈነ የሚወዛወዘውን ካሎዌይን ያያል። ዲዚ ተነሥቶ ሶሎውን ሲጫወት ያጨበጭባል። ከኋላ ተቀምጦ ክሩን የሚመታውን ሰው ማንም አያየውም። ቅዳሜ ዕለት አንድ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ከፍቼ “ጊታሩን ፈልጉልኝ” ብያችሁ ነበር። ብዙዎቻችሁ “የታለ?” አላችሁ። እግራችሁ ግን ከእሱ ጋር እየመታ ነበር።

ሰውየው በአንድ ዘመን የታሰረ አልነበረም። በመስከረም 1945 ፒያኒስቱ ሰር ቻርልስ ቶምፕሰን ሳክስፎኒስቶቹን ቻርሊ ፓርከርንና ዴክስተር ጎርደንን ይዞ ስቱዲዮ ሲገባ ጊታሩን የያዘው ባርከር ነው። ቢባፕ የሚባለው አዲሱ ፈጣን የጃዝ ስልት ገና ትኩስ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ የድሮው የኒው ኦርሊንስ ስልት እንደገና ተፈላጊ ሆነ። የተጣለው ባንጆ ተመለሰ፤ ባርከርም አነሣው። በ1947 ሩዲ ብሌሽ ያዘጋጀው በነበረው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ከአንጋፋዎቹ ጋር ተጫወተ። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መጥላት አላስፈለገውም። ለእኔ ከችሎታው በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

በ1965 እሱና ብሉ ሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኒው ኦርሊንስ ተመለሱ። በከተማዋ የጃዝ ሙዚየም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ያን ሁሉ ዓመት ከታላላቆቹ ጋር የሠራ ሰው እንግዳ እያስጎበኘ፣ ማታ እየተጫወተ ኖረ። በዚህ ብቻ ቢያበቃ እንኳ ሙሉ ሕይወት ነበር።

ግን አንድ ነገር አሳሰበው። አያቱ ይጫወቱበት የነበረው ዓይነት ማርሽ ባንድ፣ ቀብር የሚሸኘው፣ በዓል የሚያደምቀው፣ በአዛውንቶች እጅ ብቻ ቀርቷል። ወጣቱ ሌላ ሙዚቃ ይዟል። በ1970 የፌርቪው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር አንድሩ ዳርቢ ለልጆች ባንድ እንዲያቋቁምላቸው ጠየቁት። እሺ አለ። በሰፈሩ ትራምፔት የሚለማመድ ሌሮይ ጆንስ የሚባል ታዳጊ ነበር፤ እሱን አገኘ። ልምምዱ በሌሮይ ወላጆች ጋራዥ ውስጥ ሆነ። አንዱ ልጅ ሌላውን ጠራ። ጋራዡ ሞላ።

እነማን እንደወጡ እዩልኝ። ሌሮይ ጆንስ ራሱ። ትሮምቦኒስቱ ሉሲየን ባርባሪን። ክላሪኔቲስቱ ዶክተር ማይክል ኋይት። ትናንሾቹ ዊንተን እና ብራንፎርድ ማርሳሊስም በዚያ ባንድ ውስጥ አልፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዳንድ የሙያ ማኅበር ሰዎች ልጆቹን ይበዘብዛል ብለው አሙት። በጣም አዝኖበታል። ገሸሽ ሲል ልጆቹ በ1974 በሌሮይ መሪነት ሃሪኬን ብራስ ባንድ ሆነው ቀጠሉ። ዛሬ ኒው ኦርሊንስ ጎዳና ላይ ወጣቶች ትራምፔትና ሱዛፎን (ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን ቱባ) ይዘው ስታዩ፣ አብዛኛው መንገድ ወደዚያ ጋራዥ ይመለሳል። በ1991 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም (ኤን.ኢ.ኤ.) የሚሰጠውን፣ የጃዝ ማስተር የሚባለውን ትልቁን የአገሪቱን የጃዝ ክብር ተቀበለ። በመጋቢት 1994 በተወለደበት ከተማ አረፈ።

ዳኒ ባርከር፣ አመሰግንሃለሁ። ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው ትራምፔትና ክላሪኔት ይማሩና ቤት አምጥተው አልጋ ሥር ይጥሉት ነበር። እነሱን አንድ ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል ያየነው ከአንተ ነው።

የወላጆች ድካም ደግሞ በቃላት የሚያልቅ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ፣ እንቅልፍ ሳታገኙ ልጅ ይዛችሁ ልምምድ ትመጡ ነበር። ታክሲ የምትነዱት አባቶች የእሑድ ገቢያችሁን ትታችሁ መኪና ውስጥ ትጠብቁ ነበር። ማንም አላየኝም እንዳትሉ። አይቻለሁ። ሪትም የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

የተከራየነው አዳራሽ በመጨረሻው ሰዓት ሲሰረዝብን የሰንበት ትምህርት ክፍላችሁን የከፈታችሁልን ወንድሞች፣ ባትደርሱልን ምሽቱ አይኖርም ነበር። እትዬ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ቡናውንም ዳቦውንም ለብቻዎ ችለው ማቅረብዎ ሁላችንንም አስገርሟል፤ ጉልበትዎን ያጽናልን። ድምፁን የተቆጣጠርክልን ወንድማችን፣ ልጆቹ ሲደናገጡ በዓይንህ ስታበረታታቸው አይቼሃለሁ።

በውይይቱ ተነሥተው ስለ አርባዎቹ ልጆች ያስታወሱን አባታችንንም ከልብ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ ለአዲስ አበባ ምን እንዳበረከቱ ሁላችንም ልናውቅ ይገባል። ማርሽ ባንድ በልጆች እጅ ሲያድር እኛም አገር ታይቷል። የሚቀጥለው ምሽታችን በእነሱ ላይ ይሁን የሚለውን ሐሳብዎን ተቀብለናል፤ ታሪኩን እርስዎ እንዲያቀርቡልን ደግሞ ከወዲሁ እንለምንዎታለን።

ልጆቹ ልምምዳቸውን አላቋረጡም። እንደወትሮው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኛለን። ትሮምቦን የሚነፋ ልጅ አጥተናል፤ ከልጆቻችሁ መሞከር የሚፈልግ ካለ ይምጣ። ቤታችሁ የማይነካ መሣሪያ ካለም አምጡልን፤ ጋሼ አድሰው ለአንዱ ልጅ ይሰጡታል።

በድጋሚ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን።