አልዘጋ ያለኝ ኤክሴል

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ አፉ በለኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጄ የቢሮ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ጊዜው ሄደ። ትናንት ማታ ግን አንድ ነገር ገባኝና መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ።

የሠራተኞች ዝርዝር ያለው ኤክሴል ላይ ነው፤ ደብዳቤው የሚወጣው በዎርድ። ስም እየገለበጥን ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር። ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዎርድ አድ-ኢን፣ ማለትም ዎርድ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቁልፏን ስትጫን ከጀርባ ኤክሴልን ይከፍታል፣ ስሙንና ደመወዙን ያነባል፣ ደብዳቤውን ይሞላል። ደስ ሲል!

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ስከፍት 11 ኤክሴል ተደርድሯል፤ ስክሪኑ ላይ አንድም የለም። «ኩዊት» የሚለውን የመዝጊያ ትእዛዝ እኮ ጽፌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል ከዎርድ ተለይቶ በራሱ ፕሮሰስ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የምናናግረው ኮም በሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራሞች መገናኛ በኩል ነው። ኮም የ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ ስንቱ እንደያዘው ይቆጥራል፣ ሁሉም ካልለቀቀው አይሄድም። በ2002 እ.ኤ.አ. የመጣው ዶት ኔት፣ የሲ ሻርፕ ኮድ የሚሠራበት መድረክ ደግሞ አይቆጥርም፤ የማያስፈልገውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተሩ በራሱ ሰዓት መጥቶ ይጠርጋል። እኔ «አፕ ዶት ወርክቡክስ ዶት ኦፕን» ብዬ በአንድ መስመር ስጽፍ፣ መሐል ያለው «ወርክቡክስ» (የተከፈቱት ፋይሎች ስብስብ) ስም ሳይወጣለት ተይዞ ይቀራል። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ እስኪመጣ ወይም ዎርድ እስኪዘጋ ድረስ ኤክሴሉም እዚያው ነው።

አሁን የኤክሴሉን ሥራ ሁሉ ለብቻው አንድ ሜተድ (ስም ያለው የኮድ ክፍል) ውስጥ አስገባሁት። ሜተዱ ሲያልቅ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን ከውጭ ሆኜ እጠራዋለሁ፣ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፣ አንዴ እደግመዋለሁ። ኩዊቱ ፋይናሊ በሚባለው፣ ምንም ቢሆን በሚሠራው የኮድ ክፍል ውስጥ ገባ፤ መሐል ላይ ኤረር ቢመጣም ይዘጋል። 11ዱም ጠፉ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ አዲስ ኤክሴል በመክፈት ፋንታ ክፍት ያገኘሁትን ነበር የምይዘው። «ይቀመጥ ወይ?» የሚለውን ጥያቄም አጥፍቼው ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግማሽ ቀን የሠራችውን ሳታስቀምጥ ዘጋሁባት። «አብሽር» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር። አብሬያት አምሽቼ መልሰን ሞላነው።

አሁን የማስበው ኤክሴልን ከነጭራሹ ሳልከፍት ፋይሉን ራሱን በኦፕን ኤክስኤምኤል፣ የኤክሴል ፋይል በሚቀመጥበት ቅርጽ በኩል ማንበብ ነው። ሞክረኸው ታውቃለህ? ኮዱን ልኬልሃለሁ፤ እይልኝና ደውል። ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣
ከኮምቦልቻ