ስለ ፀጉርሽ ሰምቼ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጁስ፣ ባለቤትሽስ፣ አማትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጦሳ ተራራ ብርድ እንደምታውቂው ነው። ድምፅሽ እንዲህ ሲጠፋ ‹‹ሕፃን ይዛ ነው›› እያልኩ ዝም ብዬ ከረምኩ። ሰሞኑን ሰኞ ገበያ ታናሽሽን አገኘኋትና ነገሩን አጫወተችኝ። እንዳትቆጫት፣ ጨንቋት ነው። ፀጉርሽ ክፉኛ እየረገፈ ነው አለችኝ። ሰርግም ለቅሶም መውጣት ትተሻል፣ እቤትሽ ውስጥ እንኳ ሻሽሽን አታወልቂም አሉ። የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ልመጣብሽ ነበር፤ ግን ይሄ ረጋ ብለሽ ብቻሽን የምታነቢው ነገር ነው ብዬ ጻፍኩልሽ።

አብሽሪ። የጀመረሽ ወልደሽ ሦስተኛ ወርሽ ላይ ከሆነ፣ የወሊድ መርገፍ የሚመጣው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። እርጉዝ ሳለሽ ፀጉርሽ እንዴት ሞልቶ እንደነበር አትረሺም። ያኔ ሆርሞኑ ከፍ ስለሚል፣ በየቀኑ መውደቅ የነበረበት ፀጉር ሳይወድቅ ይቆያል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ፣ ያ የቆየው ሁሉ እድገቱን ባንዴ ያቆምና ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ተግተልትሎ ይረግፋል። ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ ያንቺው ተጠራቅሞ መጣ። ልጁ 1 ዓመት እስኪሞላው አብዛኛው ይመለሳል።

እኔም ታይፎይድ የታመምኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። የመጣብኝ ትኩሳቱ ለቆኝ፣ ድኜ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። ማበጠሪያው ባንድ ጊዜ ጥርሱ እስኪደፈን ይሞላል። እናቴ ሰው እጅ እንዳይገባ ከመሬት እየለቀመች፣ ጠቅልላ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠው ነበር። አንዷን ዘለላ አንስቼ መስኮት ላይ ሳያት ጫፏ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ የስፒል ራስ የምታክል። ከሥሩ ተነቀለ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሟ ግን ያቺ ነጭ ነገር ፀጉሩ ጊዜውን ጨርሶ መውጣቱን የምታሳይ ምልክት ናት፣ የሚያበቅለው ሥር እዚያው ቆዳ ውስጥ አለ አለችኝ። ቆይቶ ግንባሬ ላይ አጫጭር ፀጉር ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ። በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ትዕግሥት ያስጨርሳል እንጂ ይመጣል።

አማትሽ ‹‹ዓይን ነው፣ ጡቱም እየመጠጠሽ ነውና አስጥዪው›› ብለዋል አሉ። ክፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ። ዱዓው ይቀጥል፤ ጡቱን ግን በፀጉር ምክንያት አታስጥዪ፣ እባክሽ። ፀጉርሽን የወሰደው ወተቱ አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የግንባርሽ ዳርና ከጆሮሽ በላይ ያለው ነው። እሱ ከወሊዱ በፊት መሳሳት መጀመሩን ታናሽሽ ነግራኛለች። እሱ ከሹሩባው ይመስለኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ ቆዳው እስኪወጠር፣ ሌሊቱን ራሳችንን አሳርፈን መተኛት እስኪያቅተን ነው የምንሠራው፤ ሰው ሰራሽ ፀጉር ሲቀጠልበት ደግሞ ክብደቱ ይጨመራል። ሥሩ በየቀኑ ሲጎተት ይደክማል። በጊዜ ከፈቱት ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ፍቺው። ለስለስ ያለ ጉንጉን ይበቃሻል፤ ሻሹንም ዳር ዳሩን አታጥብቂው።

ቅቤ መቀባት ከወደድሽ ተቀቢ። ፀጉሩን ያለሰልሰዋል፣ እንዳይሰባበርም ይረዳዋል፤ አዲስ ያበቅላል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ነጭ ሽንኩርት ፈትጊበት የሚሉሽን አትስሚ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒትም እያጠባሽ ሳለ ሐኪም ሳታማክሪ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ደግሞ ክብ ሆኖ ልሙጥ ያለ ቦታ ካየሽ ያ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፣ እሱ በፈንገስ ይመጣል። ለዚህ ነው ሳይታወቅ መድኃኒት የማይነካው።

ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር። ሐኪም ስታገኚ የደምሽን የብረት መጠንና የእንቅርት ዕጢሽን እንዲመረምሩልሽ ጠይቂ፤ የብረት ማነስም የዕጢው መታወክም ፀጉር ያረግፋሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሲገኝ ሥጋውን አትተዪ። ቡናውን ግን ከምግብ ጋር አታያይዢው፤ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሰዋል። ወሎዬን ቡና ተዪ አልልሽም፣ ከበላሽ በኋላ ቆየት ብለሽ ጠጪ ነው የምልሽ።

ሻሽ ስር ስለሆነ ማንም አያይም ይሉሻል። አንቺ ግን በየጠዋቱ ታዪዋለሽ፣ እሱን አውቃለሁ። የሴት ልጅ ፀጉር ሲሄድ የሚከፋት ስላጌጠችበት ብቻ አይደለም፤ እናቷ ጭኗ ላይ አስተኝታ ያበጠረችው ነው። ማዘንሽ ትክክል ነው፤ ብቻሽን ማዘንሽ ግን እኔን ያመኛል።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከጥንትም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ውጪና ፒያሳ እንገናኝ፤ አብረን እንሄዳለን። ተራ ስትጠብቂ ልጁን እኔ እይዛለሁ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ምን መድኃኒት እንደወሰድሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ይጠይቁሻል። ሐሙስ ካልተመቸሽ ሌላ ቀን ቁረጪና በታናሽሽ ላኪብኝ።

የሁልጊዜ ጓደኛሽ፣
ከደሴ