‹‹አባባ፣ ጤፉን መርፌ ወጉት?››

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል፣ ጤፍ ክፍል፣ በቴክኒሻንነት 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ከልጄ ጋር አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሥራዬ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት መቀበልና ጋዜጣችሁን ከፊት እስከ ኋላ ማንበብ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ልጅቷ የአጠቃላይ ሳይንስ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት። ‹‹የጂኤምኦን አምስት ጥቅምና አምስት ጉዳት ጻፉ›› ይላል፤ ጂኤምኦ የሚሉት ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ሕያው ነገር ነው። ከእናቷ ስልክ ላይ አሥሩንም ገልብጣ ሻይዋ ሳይበርድ ጨረሰች።

‹‹ለመሆኑ ጂኤምኦ ምንድን ነው?›› አልኳት።

‹‹የፈረንጅ ነገር ነዋ! ትልልቁ ቲማቲም፣ የፈረንጅ ዶሮ፣ ፍሬ የሌለው ብርቱካን።››

‹‹ምርጥ ዘርስ?››

‹‹እሱም።››

‹‹የጤፍ አበባ አይተሽ ታውቂያለሽ?››

‹‹ጤፍ ያብባል እንዴ?››

እንጀራ ሳትበላ ውላ የማታውቅ ልጅ ናት። አልፈርድባትም። በኛ ሰፈር ከኮሪደሩ ንጣፍ ወዲህ አፈር ማየት ራሱ ብርቅ ሆኗል።

ደብተሯን ሳየው ደግሞ ‹‹ጉዳት›› ከሚለው ሥር አንደኛው ‹‹ገበሬው በየዓመቱ ዘር እንዲገዛ ያስገድደዋል›› ይላል። ይኼ ነገር እዚህ አገር ከጂኤምኦ በፊት የነበረ ነው። ቢኤች 660ን የዘራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ድቅል በቆሎ ነው፤ ዘረመሉን ማንም በላቦራቶሪ አልነካውም። ነገር ግን ከአዝመራው ዘር አስቀርተህ መልሰህ ብትዘራው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናል፣ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ይገዛል። ጤፍ ግን አበባው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ገበሬው ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ አንዴ ካገኘ ከጎተራው እያወጣ ዓመታት ሊዘራው ይችላል። ልጆቹ ይህን ሳይለዩ ነው ‹‹ጉዳት›› ብለው የሚጽፉት። መምህራቸውን እየከሰስኩ አይደለም፤ ስልሳ ልጅ አጭቆ የሚያስተምር ሰው ነው። እንዲያውም ሄጄ ሳነጋግረው ‹‹አባባ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ እሰጥዎታለሁ›› አለኝ።

በፌስታል የበቆሎ እሸት፣ ከሥር ካለው ሱቅ የገዛሁት ቲማቲምና ከድሮ ዕቃዬ መሃል ያገኘሁትን የደረቀ የጤፍ ዘለላ ይዤ ገባሁ። ጂኤምኦው የቱ ነው ብላቸው ጣቱን ወደ ቲማቲሙ ያልቀሰረ የለም። አንዱም አይደለም ስላቸው አጉረመረሙብኝ፤ ቲማቲሙ እንዲህ እንዲተልቅ ያደረገው ሰው መርጦና አዳቅሎ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወደ ራሴ ጉዳይ ገባሁ። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል እንደነበር፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ግን የጤፍ ተመራማሪው ዶ/ር ታረቀ በርሔ አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ማስተዋላቸውን ነገርኳቸው። በ1998 የወጣው ቁንጮም ከሁለት የጤፍ ዝርያዎች፣ ምርታማ ከሆነው ዱከምና ነጭ ከሆነው ማኛ፣ የተወለደ ነው አልኩ። ‹‹ማኛ›› ስል ክፍሉ ነቃ፤ ዋጋውን ሁሉም ከእናቱ አፍ ያውቀዋል።

ስህተቱን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሥራችንን በዝርዝር አስረዳሁ። ከአበባው ሦስቱን የወንዴ ከረጢቶች በማይክሮስኮፕ እያየን በፒንሴት ነቅለን እናወጣለን፤ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ከሌላኛው ጤፍ ያመጣነውን ብናኝ በመርፌ ጫፍ እናስነካዋለን አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ‹‹አባባ፣ ታዲያ ጤፉን መርፌ ወጉት ማለት ነው?›› ክፍሉ በሙሉ ‹‹ያው ጂኤምኦ!›› ብሎ ሳቀ።

መርፌ የሚለውን ቃል ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። በከተማችን ጂኤምኦ ማለት መርፌ ነው። ዶሮው ተወግቶ ነው የወፈረው፣ ሐብሐቡ ተወግቶ ነው የቀላው ይባላል። ልጆቹ ያንን የሰሙት ከኛው ነው። የቀረኝን ጊዜ ያንን ለማረም አዋልኩት። እኛ ያደረግነው ጤፍን ከጤፍ ጋር ማጋባት ነው አልኳቸው። ጂኤምኦ ወይም ልውጥ ሕያው የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ በ2010 እንዲዘራ የተፈቀደውን ቢቲ ጥጥ ውሰዱ። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ አንድ ዘረመል ተወስዶ ጥጡ ውስጥ ገብቷል፤ ጓይ ትል ጥጡን ሲበላ በዚያ ዘረመል የተሠራው ፕሮቲን አንጀቱን ይበሳዋል። ‹‹እኛንስ?›› አለች አንዷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በኛ አንጀት ውስጥ ፕሮቲኑ የሚይዘው ቦታ የለም እያልኳት ደወል ተደወለ።

ስለ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ሳልነግራቸው ቀረሁ። አፍሪካን ወክለው ስለ ልውጥ ሕያዋን የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የካርታኼናን ፕሮቶኮል፣ የተደራደሩ፣ ጂኤምኦን አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ነበሩ። የኛም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ፣ 655/2001፣ ጥብቅ ሆኖ ወጣ፤ በ896/2007 ሲሻሻል ላላ፤ ጥጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በግሌ ጥጡ አያስፈራኝም፤ የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ግን ያሳስበኛል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ክርክር ሊከታተል ይችላል፤ ድቅሉንና ልውጡን መለየት ከቻለ። አምስት ለአምስት ሠንጠረዡ ግን ሳያዩ እንዲፈርዱ ነው የሚያለማምዳቸው። የመጻሕፍቱ አዘጋጆች ይህን ካነበቡ፣ ሠንጠረዡን አውጥተው በቦታው ‹‹ጤፍ ዘርታችሁ አበባውን ፈልጉ›› የሚል ቢተኩልን ደስ ይለኛል። ዘሩ ወጪ የለውም፤ አንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ አለ።

እኔ የቤት ሥራው በመጣ ሳምንት የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ በረንዳ ላይ ዘርቻለሁ። አሁን ዘለላ አውጥቷል። ጠያቂው ልጅና አራት ጓደኞቹ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሊመጡ ተቀጣጥረናል፤ ለጥበቃውም ነግሬዋለሁ፣ ‹‹ለጤፍ ብለው?›› ብሎ ስቆብኛል። ያለኝ ማጉያ መነጽር አንድ ብቻ ነው፤ አበባው የሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ አጭር ስለሆነ ለአምስት ልጅ ተራ አይደርስም። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ማጉያ ያለው አንባቢ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያውሰኝ እመልሳለሁ።

ጡረተኛው የጤፍ ቴክኒሻን
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ