ለደሴና ለኮምቦልቻ ጤና መምሪያዎች፦ የኮሮና ክልከላ ሒሳብ ይዘጋ፣ መስኮቱም ይከፈት

ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ

ጉዳዩ፦ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ከወጡት የኮሮና ክልከላዎች የትኞቹ እንደሠሩና የትኞቹ እንዳልሠሩ በጽሑፍ እንዲገመገም ስለመጠየቅ

ይህን የምንጽፈው በአካባቢ ጤና፣ በሕንፃ ምህንድስናና በትራንስፖርት ሙያ የምንሠራ ሰዎች ነን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ካነሳ (ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.) ቆይቷል። ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። ሕዝቡ እጥፍ ታሪፍ ከፍሏል፣ ሱቁን ዘግቷል፣ ልጆቹን ሰባት ወር ያህል ቤት አስቀምጧል፣ ወላጁን ያለ ሰው ቀብሯል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጠቀመው የትኛው እንደነበር ግን የነገረው የለም። ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ «ማስክ አድርጉ» ሲባል «ያን ጊዜስ ምን ጠቀመን?» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። ደግሞም በአየር የሚተላለፍ በሽታ ከከተማችን አልወጣም፤ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

ጥፋቱ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ «ኮሮና በአየር አይተላለፍም» ብሎ ለዓለም አስተላልፎ ነበር። አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ ቫይረሱ ተንሳፍፎ እንደሚቆይና ከሁለት ሜትር አልፎም እንደሚይዝ በግልጽ የጻፈው ከዓመት በኋላ ነው። ክልከላዎቻችን የተረቀቁት በዚህ መሐል በመሆኑ ክብደታቸው በእጅ፣ በበር እጀታና «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» በሚባለው ርቀት ላይ ወደቀ። አየሩ ተረሳ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጂት በሚባል አካባቢ 61 ሰዎች ሁለት ሰዓት ተኩል መዝሙር ሲለማመዱ አምሽተው 53ቱ መያዛቸው የተረጋገጠውም ሆነ የተገመተው በዚያው ወር ነበር። ምልክቱ ነበረ፤ መመሪያ እስኪሆን ግን ዘገየ።

እስቲ ከታክሲው እንጀምር፤ ሕዝቡን የበለጠ ያስመረረው እሱ ነውና። ደንቡ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር ይጫን የሚል ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ እንውሰድ። የውስጡ ስፋት 7 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 7,000 ሊትር ያህል ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 7 ሊትር ገደማ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ሾፌርና ረዳት ተጨምረው 14 ሰዎች በ40 ደቂቃ መንገድ 4,000 ሊትር ያህል ይተነፍሳሉ፤ መስኮቱ ዝግ ከሆነ ከመኪናው አየር ግማሽ የሚበልጥ መጠን በተሳፋሪዎቹ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። በግማሽ ወንበር 8 ሰዎች ይሆናሉ፤ የተተነፈሰው ወደ 2,240 ሊትር፣ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ቀንሷል፣ አልጠፋም። ሁለት መስኮት፣ አንዱን ከፊት በግራ ሌላውን ከኋላ በቀኝ፣ ሦስት ጣት ያህል ብንከፍት ግን መኪናው እየሄደ የውስጡ አየር በጥቂት ደቂቃ ይለወጣል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ግማሽ ወንበሩ ግን ተሳፋሪውን እጥፍ አስከፍሏል፤ ኬላው ሲታለፍ ደግሞ ትርፍ ሰው እየተጫነ እጥፉ ታሪፍ ባለበት ቀረ። መንገድ ላይ የሚቆመው ተቆጣጣሪ የሚቆጥረው ራስ ነበር፤ መስኮት ቁጠር ያለው የለም።

«መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ደሴ ላይ ቀላል አይደለም። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይነካል፤ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ «ብርድ ሊያስመታን ነው?» ተብሎ ከኋላ ይጮኽበታል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያው ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ መስኮቱን ራሱ ይከፍታል። በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ የከፍታ ልዩነቱ ግን 600 ሜትር ያህል ነው። ለሁለቱም የደረሳቸው መመሪያ አንድ ነበር። ደሴ የሚያስፈልጋት መስኮት እንዲከፈት የሚያዝ፣ ስንት ጣት እንደሆነም የሚናገር ደንብ ነው፤ ተሳፋሪ ከተሳፋሪ እንዳይጣላ። ኮምቦልቻ ላይ መታየት ያለበት የኢንዱስትሪ ፓርኩና የፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ማመላለሻ አውቶብስ፣ የመመገቢያ አዳራሽና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው፤ የማምረቻው አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ስፋቱም ብዙ በመሆኑ ከእነዚህ ይሻላል። ጎኑ ክፍት የሆነው ባጃጅ ደግሞ ሸራው ካልተዘጋ ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ ከሚኒባስ ጋር በአንድ ዓይን መታየቱ እስካሁን አይገባንም።

በየበሩ ግንባራችን ላይ የተደገነው ቴርሞሜትር ጉዳይም ይነሳ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ16 ዲግሪ በታች በሆነ አየር በትክክል እንዲለኩ የተሠሩ አይደሉም። ከፒያሳ በብርድ በእግሩ የመጣ ሰው ግንባር 34 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል፤ ትኩሳት ያለውም ቢሆን ያልፋል። በትክክል ለመለካት ሰውየው ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል መቆየት፣ ላቡን ጠርጎ ኮፍያውን ማንሳት፣ መሣሪያውም ከግንባሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ «የሰውነት» በሚለው ላይ መሆን ነበረበት፤ «የዕቃ» በሚለው ላይ ሆኖ የሚለካ ስንት አለ። ጥበቃው ግን የሚለካው ውጭ በር ላይ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም የእጅ አንጓ ላይ ነበር። ያም ሁሉ ተስተካክሎ ቢሆን እንኳ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስተላልፍ ሰው ብዙ ስለሆነ የበር ላይ ልኬት ፍሬው ትንሽ ነው። ወደፊት ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለሌላ ይዋል።

በረኪናን በተመለከተ አጭር እንሁን። ገበያ ላይ ያለው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ለዕቃና ለወለል ነው። 1 እጅ በ99 እጅ ውኃ 0.05 በመቶ ይሆናል፤ ሳሙና ሲጠፋ ለእጅ ነው። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ፀሐይ አይነካውም፣ ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አቧራና ጭቃ ላይ ሲያርፍ ኃይሉ ወዲያው ይሞታል፤ መንገድና አስፋልት ላይ የሚረጨው በረኪና ለዚህ ነው ለካሜራ እንጂ ለበሽታ የማይሆነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2012 አይመከርም ብሎታል። ሰው ላይ መርጨት ደግሞ ጉዳት ነው።

የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን የወደቀው በሳሙና እጥረት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በቁጠባ ቢታጠብ ግማሽ ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 40 ሰው አጥቦ ያልቃል። ገበያ በር ላይ ይህ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን ይሞላዋል የሚለው ሳይጻፍ ተቀመጠ፤ በሳምንቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ቧንቧውም በእጅ የሚዞር ስለነበር ቆሻሻ እጅ የከፈተውን የታጠበ እጅ ይዘጋዋል። በእግር የሚረገጥ ፔዳል፣ በገመድ የታሰረ ሳሙና፣ ከሥሩ ጠጠር የተሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው፦ ይህ ካልተሟላ ባይቆም ይሻላል።

ማስክ ይሠራ ነበር ወይ ለሚለው መልሳችን «አፍንጫ ላይ ከሆነ፣ በመጠኑ» ነው። በባንግላዴሽ 600 መንደሮች ላይ በተደረገ ትልቅ ሙከራ የማስክ አጠቃቀም ከ13 ወደ 42 በመቶ ሲያድግ፣ የሕክምና ማስክ በታደለባቸው መንደሮች በደም ምርመራ የተረጋገጠ ሕመም 11 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ በጨርቅ ማስክ ላይ ውጤቱ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። የእኛ ደንብ ግን ማስኩ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አልጠየቀም፤ አገጭ ላይም አለፈ፣ ኪስ ውስጥም አለፈ፣ ከቢሮ የሚወጣው ለሚገባው በር ላይ ሲያውሰውም አለፈ። መንገድ ላይ ብቻውን የሚሄደውን ከመቅጣት ይልቅ ዝግ ክፍልና መኪና ውስጥ ብቻ ቢጠየቅ ሕዝቡም በተባበረ፣ ፖሊሱም ባረፈ ነበር።

ስብሰባ ላይ ያለን ቅሬታ የበረታ ነው። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የሚለው ደንብ ድንኳንንና ሳሎንን ለይቶ አላየም። ወሎ ውስጥ ሰው የሚቀበረው በቅሬው (በእድሩ) ነው፤ ቅሬ ሲከለከል ሐዘኑ አልቀረም፣ ከድንኳኑ ወጥቶ ጓዳ ገባ። ጎኑ በተገለጠ ድንኳን ሥር ተራርቀው ይቀመጡ የነበሩ 40 ሰዎች በአራት በአራት እየተቀያየሩ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል፣ ከሰልና እጣን እየጨሰ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጡ ጀመር። ወዳጃውም (የዱዓ ስብስቡም)፣ ጫት ቤቱም እንዲሁ። ክልከላው ሰውን ከተሻለው ቦታ ወደ ባሰው ገፋው። ቅሬዎቹን ጠርቶ «ድንኳኑ ሁለት ጎኑ ይከፈት፣ ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ወጉ ይጠር» ማለት ይቻል ነበር፤ ለዚህ ከእነሱ የተሻለ አስፈጻሚ አይገኝም።

ትምህርት ቤቶች እስከ ጥቅምት 2013 ተዘግተው ቆዩ። በእነዚያ ወራት ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ፤ መስኮት ለማስተካከል ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። 8 በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ ነው። 60 ተማሪ ቢቀመጥበትና ለእያንዳንዱ የሚመከረው 10 ሊትር ንጹሕ አየር በሴኮንድ ይግባ ቢባል፣ አየሩ በሰዓት 13 ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት። በአንድ በኩል ብቻ በተከፈተ መስኮት ይህ አይሆንም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ በየጎኑ 2 ካሬ ሜትር ያህል ክፍተት ሲኖር ቀላል ነፋስ እንኳ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ክፍል ላይ በኮሪደሩ በኩል ያለው መስኮት በሚስማር የተመታ፣ ወይም ማጠፊያው ዝጎ የተጣበቀ፣ ወይም ጭራሽ በቆርቆሮ የተደፈነ መሆኑ ነው። ብርድ ለሚፈራው ክፍል መፍትሔው የላይኛውን መስታወት ብቻ ማንሳት ነው፤ የሞቀው አየር በላይ ይወጣል፣ የልጆቹ አንገት ላይ ነፋስ አይመጣም። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ መጥቶ ያደረው በእነዚሁ ክፍሎች ነበር።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መስኮቶቹን ተማሪ ሲኖር እንደሚሆኑት አድርጎ፣ ክፍሉ መሐል እጣን አጭሶ፣ ጢሱ ክፍሉን ሲሞላ ከሰሉን አውጥቶ ሰዓት መያዝ ነው። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ በሚለወጥበት ክፍል ጢሱ 99 በመቶ ለመጥራት 23 ደቂቃ ይፈጃል፤ 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ፤ 2 ጊዜ ብቻ ከሆነ 138 ደቂቃ። ልኬቱ ሻካራ ነው፤ ደህናውን ክፍል ከመጥፎው ለመለየት ግን ይበቃል።

ታዲያ ክልከላዎቹ በጥቅሉ ሠርተዋል? በአገር ደረጃ የተመዘገበው ታማሚ ወደ 500 ሺህ፣ ሟቹ ከ7,500 በላይ ነው። ምርመራው ውስን ስለነበር በዚህ ቁጥር ብቻ «ሠርቷል» ወይም «ከንቱ ነበር» ማለት አይቻልም፤ የሁለቱም ወገን ጯሂዎች ይህን ይዘሉታል። ክልከላ የሚገዛው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው በተገዛው ጊዜ ምን ተሠራ በሚለው ነው። ኦክስጅንን እንውሰድ። 6,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ 10 ሰዓት ይቆያል፤ በደቂቃ 60 ሊትር ለሚያስፈልገው 100 ደቂቃ ብቻ። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው የጣት መለኪያም በደሴ ከፍታ ጤነኛውን ሰው 92 ወይም 93 ሊያሳየው ስለሚችል፣ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈው የሕመም መለያ ቁጥር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። በግምገማው ላይ ስንት ሲሊንደር፣ ስንት የሠለጠነ ነርስ፣ ስንት የተከፈተ መስኮት ተጨመረ የሚለው ቁጥር ይውጣ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ ክልከላ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ የትኛውን መተላለፊያ መንገድ ይዘጋል፣ ወጪውን ማን ይሸከማል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይነሳል። የመጨረሻውን ጥያቄ የማይመልስ ክልከላ አይውጣ። ገጾቹ በደሴና በኮምቦልቻ ለየብቻ ይዘጋጁ፤ ቅሬዎች፣ መስጊዶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የታክሲ ማኅበራት ከመጽደቁ በፊት አስተያየት ይስጡበት። ከዚያ በፊት ግን ክረምት ሳይገባ ከየከተማው አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ጤና ጣቢያ ይለካ። የትኛው ይሁን የሚለውን እናንተ ምረጡ፤ ሜትሩንና እጣኑን እኛ እናመጣለን።

ከሰላምታ ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር የአካባቢ ጤና፣ የሕንፃ ምህንድስናና የትራንስፖርት ባለሙያዎች