ድልድያችሁ ላይ ስለቀረው ቤታችን

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ወደ አዲሱ ብሎክቼን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ) ሲዛወር መሃል ላይ የቀረ ንብረትን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ጨዋታችሁ ውስጥ መሬትና ቤት ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሁድ እሁድ እኔ የቪአር መነጽሬን አጥልቄ፣ እሱ በስልኩ ገብቶ እዚያ ቤት እንገናኝ ነበር። በረንዳው ላይ ሦስት በርጩማ ደርድሯል። አንደኛው የእናታችን ነው ይላል፤ ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም።

ባለፈው ወር ወደ ራሳችሁ ብሎክቼን እንደምትዛወሩ ነገራችሁን። «ንብረታችሁን በድልድዩ አሻግሩ» አላችሁ፤ ድልድይ ያላችሁት ንብረትን ከአንዱ ብሎክቼን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ፕሮግራም ነው። ክፍያውን ከፍዬ አሻገርኩ። የድሮው ብሎክቼን ላይ የነበረው ቶከኔ፣ ማለትም ቤቱ የእኔ ለመሆኑ ዲጂታል ማስረጃው፣ ተቆለፈ፤ አዲሱ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ይኸው 23 ቀን ሆነ። አሁን ስገባ የሚታየኝ ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው። በረንዳውም በርጩማዎቹም የሉም።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩላችሁ። ሦስቴም የመጣልኝ ያው አንድ መልስ ነው፦ «ንብረቱ የእርስዎ ነው፣ ዋሌትዎን ይመልከቱ።» ቶከኖቼ የሚታዩበትን ዋሌት አየሁት፤ ባዶ ነው። ቶከኑ የተቆለፈው እናንተ በጻፋችሁት ስማርት ኮንትራክት (ብሎክቼኑ ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ነው፤ የድልድዩም ቁልፍ፣ ዝውውር የሚፈቀድበት የምስጢር ኮድ፣ እናንተው ጋ ነው። ታዲያ የእኔ የሆነው ምኑ ነው?

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለው ጨዋታ የሚጠቀምበት የሮኒን ድልድይ ሲዘረፍ 173,600 ኢተርና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ ወጥቷል። ገንዘብ ለማስወጣት በየራሳቸው ቁልፍ ዝውውርን ከሚያጸድቁት 9 አረጋጋጮች የ5ቱ ፊርማ ይበቃ ነበር፤ ሌቦቹ ያንኑ 5 አገኙ። አራቱ የአንድ ኩባንያ ነበሩ። ስርቆቱ የታወቀው ከ6 ቀን በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ተጠቃሚ ገንዘቤን ማውጣት አቃተኝ ብሎ ስላመለከተ። እናንተ ግን «አልሻገር አለኝ» ለሚል ደንበኛ ተገልብጦ የተለጠፈ መልስ ትልካላችሁ። እውነቱን ለመናገር ከቤቱም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ሳጥኑ ግራጫ የሆነበትም ምክንያት ይገባኛል። ብሎክቼኑ ላይ የተመዘገበው ቁጥርና የፋይል አድራሻ ነው፤ የቤቱ ምስል ያለው እናንተ ሰርቨር ላይ ነው። ሲሸጥልን ይህን የነገረን የለም።

ስለዚህ ቶከኔን ወይ አሻግሩልኝ፣ ወይ የድሮው ብሎክቼን ላይ መልሱልኝ። የከፈልኩትንም የማሻገሪያ ክፍያ መልሱ። የድልድዩ ቁልፍ ስንት እንደሆነና በማን እጅ እንዳለ ለሁላችንም በግልጽ አሳውቁን። የቤቶቻችን ፋይል እንደ አይፒኤፍኤስ (ብዙ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት መረብ) ባለ ከአንድ ሰርቨር ውጭ በሆነ ቦታ ይቀመጥልን፤ ቅጂውንም እኛ መያዝ እንድንችል አድርጉ።

የግብይቱን መለያ ቁጥርና የስክሪን ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ጉዳዩን አይቶ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወንድሜ እሁድ በመጣ ቁጥር «ተከፈተ?» እያለ ይጠይቀኛል።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ